ኮዬ ፈጬ፡- በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የተካሄደው ቀጥተኛ የወሰን ድርድር እና ቀሪ ጉዳዮቹ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ የሚገኘው ኮዬ ፈጬ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚበቅልበት የጥቁር አፈር ምድር ነበር። ዛሬ በሥፍራው የሚታየው ተርታውን የያዘ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የአካባቢው ስም በመላ አገሪቱ የታወቀው ግን በእርሻውም ሆነ በግንባታው ስፋት ሳይሆን በ2011 ዓ.ም. በተነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ቤቶቹን የሠራው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሲሆን፣ ቤቶቹ የቆሙበት መሬት በማን አስተዳደራዊ ወሰን ውስጥ እንደሚገኝ አስቀድሞ ቁርጥ ያለ ስምምነት አልነበረም።

ጥያቄው ምላሽ ያገኘው በፍርድ ቤት ክርክር፣ በሕዝበ ውሳኔ ወይም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ሳይሆን ሁለቱ አስተዳደሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው ባደረጉት ድርድር ነው። ድርድሩ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በስምምነት መጠናቀቁ ይታወሳል። በወሰን ላይ የሚደረግ ቀጥተኛ ድርድር ምን ሊፈታ እንደሚችልና ምን ሳይፈታ እንደሚያልፍ ለመመልከት ኮዬ ፈጬ ጥሩ አብነት ሆኖ ይገኛል።

የጥያቄው መነሻ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ የፌዴራሉ መንግሥት ርዕሰ ከተማ መሆኗን፣ ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸውና መስተዳድሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ከተማዋ በኦሮሚያ ክልል መሐል በመገኘቷ ክልሉ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሳሰሉት ጉዳዮች ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅለትና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ተመልክቷል። ይህን ዝርዝር የሚመለከት ረቂቅ አዋጅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተላከው ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ ከዋለ ከ22 ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነበር። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ሕጉ ሲዘገይ ከተማዋ ግን አልቆመችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ሰፊ መሬት የሚጠይቅ በመሆኑ ግንባታው ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻው፣ ከዳርቻውም ወደ እርሻ ማሳው ተሸጋገረ። የኦሮሚያ ክልል በበኩሉ በከተማዋ ዙሪያ የሚገኙትን ወረዳዎችና ከተሞች በአንድ ልዩ ዞን አደራጅቶ ማስተዳደር ጀመረ። ሁለቱን በአንድ ለማስተሳሰር የተዘጋጀው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚገኘው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደረገ። ዕቅዱ ቢቀርም ጀምሮት የነበረው ጥያቄ አልቀረም፤ ግንባታውም እንዲሁ።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

በዚህ ዕለት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ20/80 መርሐ ግብር 32 ሺህ 653፣ በ40/60 መርሐ ግብር ደግሞ 18 ሺህ 576፣ በድምሩ 51 ሺህ 229 የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በዕጣ ለዕድለኞች አወጣ። ቤቶቹ ከሚገኙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ኮዬ ፈጬ ነበር። በ20/80 ከደረሳቸው መካከል በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው ለ14 ዓመታት ገደማ ወር በወር ሲቆጥቡ የኖሩ ነዋሪዎች ይገኙበታል።

ዕጣው በወጣ ማግሥት በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች የተቃውሞ ሰልፎች ተካሄዱ። የክልሉ መንግሥትም የወሰን ጉዳይ ሳይቋጭ በክልሉ ወሰን ውስጥ የተገነቡ ቤቶች ለዕድለኞች መተላለፋቸውን እንደማይቀበል አስታወቀ። በወቅቱ የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ ለማ መገርሳ፣ የከተማዋ ምክትል ከንቲባ ደግሞ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ነበሩ። ሁለቱም የአንድ ፓርቲ አባላት መሆናቸው ጉዳዩ የፓርቲ ፉክክር እንዳልነበረ ያሳያል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የወሰኑን ጉዳይ አጥንቶ መፍትሔ የሚያቀርብ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ መሬት ላይ ሁለት እውነቶች ተገናኙ ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ከአባትና ከአያት በወረሱት ማሳ ላይ ሲያርሱ ኖረው ለግንባታው የተነሡ አርሶ አደሮች አሉ። በሌላ ወገን ከደመወዛቸው ቀንሰው ሲቆጥቡ የኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ጡረተኞችና የቀን ሠራተኞች አሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም ወሰኑን አላሠመሩም፣ ግንባታውንም አልወሰኑም። በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያም ወንበር አልነበራቸውም።

ሕጉ ያስቀመጣቸው መንገዶች

በክልሎች መካከል የወሰን ጥያቄ ሲነሣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 ቅደም ተከተል አስቀምጧል። ጉዳዩ በመጀመሪያ በሚመለከታቸው ክልሎች ስምምነት ይፈጸማል። መስማማት ካልቻሉ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሠፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት በማድረግ ይወስናል፤ ውሳኔውም ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መሰጠት ይኖርበታል። እንግዲህ ቀጥተኛ ድርድር በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ክልሎች ሲሆን አዲስ አበባ ክልል አይደለችም። በመሆኑም ከተማዋ ከኦሮሚያ ጋር ያላት ወሰን በዚህ ድንጋጌ ይስተናገዳል ወይስ አይስተናገድም የሚለው ራሱ የሕግ ባለሙያዎችን የሚያከራክር ነጥብ ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች በስምምነት ባይጨርሱት ኖሮ ክርክሩ ከመሬቱ በፊት በሥልጣን ጉዳይ ላይ ሊጀመር ይችል ነበር።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1101/2011 የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን መቋቋሙም የሚታወስ ነው። ኮሚሽኑ አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ የታሰበ እንጂ ወሳኝ አካል አልነበረም። የኮዬ ፈጬ ጉዳይ የተቋጨው ከኮሚሽኑ ውጭ፣ በሁለቱ አስተዳደሮች የጋራ ሥራ ነው።

ድርድር፣ ውሳኔ እና አፈጻጸም

ቀጥተኛ ድርድር ምንጊዜም ከሦስተኛ ወገን ውሳኔ ይሻላል ብሎ ለመደምደም የአገሪቱ ልምድ አይፈቅድም። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በ1997 ዓ.ም. ከ420 በሚበልጡ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር። ውጤቱ በምድር ላይ ሳይተረጎም 12 ዓመታት ካለፉ በኋላ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የሁለቱ ክልሎች ፕሬዚዳንቶች ራሳቸው ተገናኝተው ውጤቱን ለማስፈጸም ስምምነት ፈረሙ። ፊርማው ወራት ሳይቆጠርለት በድንበሩ አካባቢ የተቀሰቀሰው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ሕዝበ ውሳኔውም፣ ቀጥተኛው ስምምነትም አልተጓደለም፤ የጎደለው የሚያስፈጽማቸው ነበር።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው የሚታይ ነው። በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጨረሻና አሣሪ የተባለ ውሳኔውን ሰጠ። በውሳኔው ባድመ ለኤርትራ መባሏ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ኤርትራ «አስቀድሞ ድንበሩ በመሬት ላይ ይካለል» ስትል፣ ኢትዮጵያ «በአፈጻጸሙ ላይ አስቀድመን እንነጋገር» በሚል አቋም ጸናች። ውሳኔ እያለ ንግግር በመታጣቱ ሁለቱ አገሮች ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የጋራ መግለጫ እስኪፈራረሙ ድረስ 16 ዓመታት «ጦርነትም ሰላምም የለም» በተባለ ሁኔታ ውስጥ ቆዩ።

ከአገር ውጭ በዚህ ረገድ ብዙ የተጻፈለት የእስራኤልና የፍልስጤም ጉዳይ ነው። ጦርነትን፣ ወረራንና የስደተኞችን ጥያቄ ያዘለ የሁለት ሕዝቦች ግጭት በአንድ አገር ሕገ መንግሥት ሥር ከሚገኙ ሁለት አስተዳደሮች አለመግባባት ጋር በመጠኑም ሆነ በባሕርይው አይነጻጸርም። አንድ ነጥብ ግን ለዚህ ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1993 በዋሽንግተን የተፈረመው የኦስሎ መግለጫ ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ በመነጋገር የደረሱበት ነበር። ድንበር፣ ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞችና የሠፈራ መንደሮች ግን ለኋለኛው ድርድር እንዲቆዩ ተደረገ። የሽግግሩ ጊዜ አምስት ዓመት ነበር። በዌስት ባንክ የሚገኘው የእስራኤላውያን ሠፋሪ ቁጥር በዚያን ጊዜ ከመቶ ሺህ ብዙም ያልራቀ ሲሆን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር ዛሬ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። እያንዳንዱ ቤት በተሠራ ቁጥር ተደራዳሪዎቹ የሚነጋገሩበት ካርታ ተለወጠ። በአሜሪካ አማካይነት የተካሄደው የመጨረሻው ዙር ቀጥተኛ ድርድር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ተጀምሮ በሚያዝያ 2014 ያለ ውጤት ተቋረጠ። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ጥቃትና እርሱን ተከትሎ ከመጣው የጋዛ ጦርነት በኋላ በጥቅምት 2025 የተደረሰው የተኩስ አቁም ስምምነትም በአሜሪካ፣ በግብፅ፣ በኳታርና በቱርክ አሸማጋይነት እንጂ በቀጥታ ንግግር የመጣ አይደለም። (ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፍልስጤምን ለመክፈል ያሳለፈውን ውሳኔ አስመልክቶ በተሰጠው ድምፅ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉ አገሮች አንዷ እንደነበረች እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል።)

በኮዬ ፈጬም ቤቱ ከወሰኑ ቀድሟል። ወሰኑ ሳይታወቅ ሕንፃው ቆመ፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ባለዕጣው ተለየ፤ ድርድሩ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ተደራዳሪዎቹ የተረከቡት ባዶ መሬት ሳይሆን ስማቸው በጋዜጣ የወጣ ባለቤቶች ያሉበትን መንደር ነበር።

የነሐሴ 2014 ስምምነት

ዕጣው ከወጣ ከሦስት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ ከንቲባ ወይዘሮ አዳነች አቤቤና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ ሽመልስ አብዲሳ የሚመሯቸው አስተዳደሮች በወሰናቸው ላይ ከስምምነት መድረሳቸውን አስታወቁ። በስምምነቱ ኮዬ ፈጬ በኦሮሚያ በኩል እንዲሆን ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ የክልሉ መንግሥት በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙትን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ገላንን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ሌሎች አካባቢዎችን አጣምሮ ሸገር ከተማን በ2015 ዓ.ም. ሲያቋቁም ከአሥራ ሁለቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ኮዬ ፈጬ ተብሎ ተሰየመ።

ስምምነቱን ሊያስገኙ ከቻሉት ሁኔታዎች መካከል ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ወሰን የማስተዳደር ሥልጣን ከቤት ባለቤትነት ተለይቶ መታየቱ ነው። መሬቱ በየትኛውም አስተዳደር ሥር ቢውል ቤት የደረሰው ዜጋ ቤቱን አያጣም ከተባለ ድርድሩ ከ«ማን ይውጣ» ወደ «ማን ያስተዳድር» ይወርዳል። ይህ ቀላል መስሎ ቢታይም በብዙ አገሮች ድርድር የሚሰበረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለቱም አስተዳደሮች በአንድ ገዥ ፓርቲ ሥር መሆናቸው ነው። ይህ ንግግሩን እንዳፋጠነው ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ከፓርቲ መዋቅር ይልቅ በሕግ ላይ የቆመ የድርድር ሥርዓት አስፈላጊ መሆኑንም የሚያመለክተው ይኸው ነው፤ ሁለቱን አስተዳደሮች የተለያዩ ፓርቲዎች የሚመሩበት ቀን ሊመጣ ይችላልና።

መስመሩ ሲሻገር የሚሻገረው ጉዳይ

የወሰን ስምምነት በተፈረመበት ቀን አያልቅም። ለአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሥራው የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። አንድ ሰፈር ከአዲስ አበባ ወደ ኦሮሚያ ሲዛወር የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የይዞታ ፋይል፣ የግብር መዝገብና የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይለወጣል። የአዲስ አበባ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን የኦሮሚያ አፋን ኦሮሞ ነው። በአዲስ አበባ የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚታየው በፌዴራልና በከተማ ነክ ፍርድ ቤቶች ሲሆን በኦሮሚያ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው። የምርጫ ክልሉ፣ ፖሊሱ፣ ትምህርት ቤቱ የሚመራበት ቢሮም እንዲሁ ይለያል።

የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች መብት በፌዴራል ደረጃ በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የተደነገገ በመሆኑ የባለቤትነቱ መሠረት በሁለቱም ወገን አንድ ነው። የቤቱ ብድር ውልም ከባንክ ጋር የተፈረመ በመሆኑ በአስተዳደር ለውጥ አይነካም። ችግር የሚፈጠረው በመካከሉ ነው። የባለዕጣው ፋይል በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ካርታ የሚሰጠው በሌላ መሥሪያ ቤት ሲሆን ነዋሪው በሁለት መስኮቶች መካከል ይመላለሳል። ፋይሉ ተሟልቶ በጽሑፍ ርክክብ ካልተደረገ፣ በየትኛው ቀን የተጀመረ ጉዳይ በየትኛው አካል እንደሚያልቅ ካልተወሰነ፣ በከተማው የተሰጠ ሰነድ በክልሉ እንደሚጸና በግልጽ ካልተነገረ፣ በከፍተኛ ባለሥልጣናት ደረጃ የተፈታው ጉዳይ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንደገና ይታሠራል።

የተነሡ አርሶ አደሮች

ከሁሉም በላይ ስምምነቱ በራሱ የማይመልሰው ጥያቄ የአርሶ አደሮቹ ነው። የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች በ2011 ዓ.ም. ለዕጣ የደረሱ በመሆናቸው መሬቱ የተወሰደው ቀድሞ በነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን ነው። በዚህ አዋጅ ከገጠር መሬቱ በቋሚነት የተነሣ አርሶ አደር ለንብረቱ ከሚከፈለው በተጨማሪ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በምትኩ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱ ወደ 15 ከፍ ብሏል፤ ተነሺዎችን መልሶ ስለማቋቋምና ቅሬታ ስለሚሰማ አካልም ተደንግጓል። አዲሱ ሕግ ግን ከእርሱ በፊት ለተነሡት አልደረሰም።

ስሌቱን ጠጋ ብሎ ላየው ችግሩ በብዜቱ ብቻ አይደለም። የካሳው መለኪያ መሬቱ በእህል የሚያስገኘው ነው፤ ያው መሬት ወደ ከተማ ሲገባ የሚለካው ግን በካሬ ሜትርና በሊዝ ዋጋ ነው። በጤፍ ተሸጦ በሊዝ የሚገዛ መሬት ሻጩን ምንጊዜም ያጎድለዋል። ከዚህም ሌላ በአንድ ጊዜ በእጅ የገባ ገንዘብ ማረሻና በሬ ብቻ ለሚያውቅ ቤተሰብ ሙያ አይሆንም። የአባወራው ካሳ በተከፈለበት ቀን ሕፃናት የነበሩት ልጆች ዛሬ ለሥራ የደረሱ ናቸው፤ እነርሱ የሚያርሱት መሬትም፣ በስማቸው የተከፈለ ካሳም የለም። ወሰኑ ወደየትኛውም አስተዳደር ቢዞር ይህ ጥያቄ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቅሬታውን ተቀብሎ የማየት ኃላፊነትም መሬቱን የወሰደው አካል ነው ወይስ አሁን የሚያስተዳድረው የሚለው ነጥብ በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች በቂ በሆነ የመንግሥት ርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርን ጨምሮ ተመጣጣኝ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ የወሰን ልዩነት አላደረገም።

ቀጣዮቹ የውይይት አጀንዳዎች

ወሰን ቢሠመርም ሁለቱ አስተዳደሮች የሚጋሩት ብዙ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው በኦሮሚያ ከሚገኙት ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። ከከተማዋ የሚወጣው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ደግሞ በአቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አባ ሳሙኤልና ከዚያ በታች ወደሚኖሩት አርሶ አደሮች ይወርዳል። ንጹሑ በአንድ ወገን ገብቶ ቆሻሻው በሌላ ወገን የሚወጣበት ይህ ሁኔታ በማንኛውም የወሰን ካርታ ላይ አይታይም።

በዚህ ረገድ የሰንዳፋ ነገር አይዘነጋም። የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከረጲ ተነሥቶ በኦሮሚያ ሰንዳፋ አካባቢ በተሠራ ዘመናዊ ሥፍራ እንዲወገድ ታቅዶ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ቢጀመርም በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አለፈ። ሥፍራው ተመርጦ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ግንባታው ተከናውኖ ነበር፤ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የተደረገው ንግግር ግን በቂ አልነበረም።

የፌዴራሉንና የክልል መንግሥታትን ግንኙነት በመደበኛ መድረኮች ለመምራት የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን ለመወሰን የወጣው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 በሥራ ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የሚደረገው ንግግር ችግር በተነሣ ቁጥር በሚቋቋም ኮሚቴ ሳይሆን የታወቀ ቀን፣ አጀንዳና ቃለ ጉባዔ ባለው መድረክ ቢካሄድ የውኃው፣ የቆሻሻውና የትራንስፖርቱ ጉዳይ ሰልፍ ሳይጠብቅ ሊታይ ይችላል። በኮዬ ፈጬ የሚኖር ሠራተኛ ጠዋት ወሰኑን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሥራ ይገባል፣ ማታም ተሻግሮ ይመለሳል። የታክሲው ታሪፍና ስምሪት በሁለት አስተዳደሮች የሚወሰንበት ይህ የዕለት ጉዞ በመድረኩ ከሚነሡት የመጀመሪያ ጉዳዮች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።